በሚያንቀላፋ ሰው አንሣቅ

በስብሰባ መካከል የሚያንቀላፋ አለቃ ማየት ለወጣት ሠራተኛ እንደ ቴአትር ያለ ደስታ የሚሰጥ ነገር ነው። ሰብሳቢው ስለ በጀት ሲናገር የአንዱ ትልቅ ሰው አገጭ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ እስክሪብቶው ከጣቱ ያመልጣል፤ ጥቂት ቆይቶም የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጥን ወጣቶች በክርናችን እየተጎሻሸምን እንሥቃለን። በሻይ ሰዓትም ወሬው ይኸው ነው። አንዱ «ማታ የት አምሽተው ይሆን?» ይላል፤ ሁለተኛው «ጡረታቸውን ቢጠይቁ ምን አለበት?» ይላል። ያ ሰው ሌሊቱን እንዴት አድርጎ እንዳሳለፈው የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

እኛም ከሚሥቁት ወገን ነበርን። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ሌላውን ለመገሠጽ ሳይሆን፣ በገዛ ቤተ ዘመዳችን ያየነው ነገር ሣቃችንን ስላሳፈረን ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እየተቋረጠ ሰውን የሚያስጨንቀው ሕመም በዛሬው ጊዜ መላ የተገኘለት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ከመላው የሚሸሸው መሣሪያው ስለሚያስቸግረው ብቻ ሳይሆን የሰው ሣቅ ስለሚከብደው ጭምር መሆኑን ነው።

ዩኒቨርሲቲ በምንማርበት ዘመን የተቀመጥነው ከአጎታችን ቤት ነበር። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እንበላቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናቸው። ሌሊት ማንኮራፋታቸው ሳሎኑን አልፎ እኛ ከምንተኛበት ክፍል ይደርስ ስለ ነበር፣ የቤቱ ልጆችና እኛ በስውር «ባቡሩ» ብለን ስም አውጥተንላቸው ነበር። ባቡሩ ሲጓዝ ይቆይና በድንገት ጸጥ ይላል፤ እኛም «ጣቢያ ደረሰ» እያልን ትራስ ነክሰን እንሥቃለን። ከዚያም በታላቅ ማጓራት ይነሣና ጉዞውን ይቀጥላል። ያ ጸጥታ የሚያስደነግጥ እንጂ የሚያሥቅ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላወቅንም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጋሼ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ነገሩን ቀድመው ጠርጥረውት ነበር። ጋሼ ሌሊት እየባነኑ ሲያቃስቱ «ዱካክ ነው የተጫናቸው» ብለው ጸበል አምጥተው ከራስጌያቸው ያስቀምጡ ነበር። ጋሼ ግን «የዕድሜ ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ፤ ቀድሞ ታጋሽ የነበሩት ሰው በትንሽ በትልቁ ይቆጡ ጀመር። ከአሁን በፊት ጋዜጣ ሳያነቡ የማይውሉት ሰው ሁለት አንቀጽ ሳይጨርሱ ጋዜጣው ከጭናቸው ላይ ይወድቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከአዳማ ሲመለሱ መኪናቸው መንገዱን ስታ ከእርሻ ውስጥ ገባች። ሰው አልተጎዳም። ለቤተሰቡ «ጎማው ነው» ብለው ነገሩን፤ እኛም አመንናቸው።

ነገሩ የተገለጠው በሩቅ አገር ነው። ጋሼ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ልጃቸው ነርስ ናት። በመጀመሪያው ሌሊት ማንኮራፋቱን ሰምታ ተነሣችና ሰዓቷን ይዛ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጸጥታውን ብትቆጥረው አንዳንዱ 30፣ አንዳንዱም 40 ሰከንድ ሆነ። ሲነጋ «አባባ፣ ሌሊት እኮ ትንፋሽዎ ይቆማል» አለቻቸው። እርሳቸውም «አንቺ ደግሞ እንደ እናትሽ» ብለው ሣቁ። ዳሩ ግን ምርመራውን እምቢ አላሉም። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ ደረታቸው ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ተደርጎላቸው አንድ ሌሊት ተኙ። ውጤቱም በሰዓት 38 ሆኖ ተገኘ።

ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ እንግለጽ። እንቅልፍ ሲወስደን የሰውነታችን ጡንቻ ይላላል፤ የጉሮሮም ጡንቻ እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ሰው የጉሮሮው መተላለፊያ በተፈጥሮ ጠባብ ስለሆነ፣ ወይም በአንገቱ ዙሪያ ስብ ስለተከማቸ፣ ወይም መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ በመሆኑ፣ የላላው ሥጋ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አያልፍም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ልቡም ይጨነቃል፤ አንጎል አደጋውን ሲያውቅ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል። ያን ጊዜ ጉሮሮው ይከፈትና በታላቅ ድምፅ ይተነፍሳል፤ ተመልሶም ይተኛል። ሲነጋ ይህን ሁሉ አያስታውሰውም። ሐኪሞች ቢያንስ 10 ሰከንድ የሚቆየውን መቋረጥ፣ እንዲሁም ትንፋሽ እጅግ የሚያንስበትን ጊዜ ጨምረው ይቆጥሩና ለእንቅልፉ ሰዓት ያካፍሉታል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 የሆነው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 የሆነው መካከለኛ፣ ከ30 በላይ የሆነው ከባድ ይባላል። ጋሼ 7 ሰዓት ቢተኙ ትንፋሻቸው 266 ጊዜ ይታወካል ማለት ነው። በአንድ ሌሊት 266 ጊዜ የቀሰቀሱት ሰው በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ቢያንቀላፋ ምን ያስደንቃል?

ሕመሙ የጥቂቶች ብቻ መስሎ እንዳይታየን። በ2019 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ነገር እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ 425 ሚሊዮኑ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው ናቸው። ወፍራምና ሽማግሌ ብቻ የሚይዘው የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ውፍረትና ዕድሜ ያባብሱታል እንጂ ቀጭኑንና ወጣቱን፣ ሴቷንም አይምርም።

መላው የተገኘው እምብዛም ሳይርቅ ነው። ከዚያ በፊት ለከባዱ ሕመም የነበረው ዋና ሕክምና ጉሮሮን ከፊት ለፊት ቀዶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነበር። በ1980 ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ በአፍንጫ በኩል አየር በመጠኑ እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ ሞከሩ። የአየሩ ግፊት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል። በ1981 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ5 ሕሙማንን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ያን ጊዜ ሞተሩ የቤት አቧራ ከሚመጠው ማሽን የተወሰደ፣ ጭምብሉም በፊት ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነበር። የዛሬው መሣሪያ ከጫማ ካርቶን ያነሰ ሲሆን ድምፁም ከሹክሹክታ እምብዛም አይበልጥም። ሲፓፕ ይባላል። ኦክስጅን የሚሰጥ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገር ግን የሚገፋው የዚያኑ የመኝታ ቤት አየር ነው። ግፊቱም በውኃ ሴንቲሜትር እየተለካ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ባለው መካከል ይሆናል። 10 ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚወድ አንባቢ ቀሰም በረዥም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ያጥልቅና እፍ ይበልበት፤ አረፋው እንዲወጣ የሚያስፈልገው ጉልበት ያ ነው።

ጋሼ ይህን መሣሪያ በሻንጣቸው ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጃቸው ዘንድ የለበሱት ሁለት ሌሊት ብቻ ስለ ነበር ትምህርቱ ገና አልተጀመረም። እዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ጭምብሉን አጥልቀው ተኙ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ግን «አፈነኝ» ብለው አውልቀው ጣሉት። በሁለተኛው ሌሊት አፋቸው እንደ ቆዳ ደርቆ አደረ። በሦስተኛው አየሩ በጭምብሉ ጠርዝ እያፏጨ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ ማሰሪያውን ቢያጠብቁት አፍንጫቸው ላይ ቀይ ሰንበር አወጣባቸው። በአራተኛው ሌሊት መሣሪያው ከቁም ሣጥን ገባ። እኛ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው ድርቀቱንም ሰንበሩንም አላነሡም። «የዝሆን ኩምቢ አውጥቼ ከሚስቴ ጎን ልተኛ?» አሉ እንጂ።

መሣሪያው ሦስት ሳምንት ከቁም ሣጥን አልወጣም። ባቡሩም ጉዞውን ቀጠለ፤ ጣቢያም እየደረሰ ይቆማል። አሁን ግን ጸጥታው ምን እንደሆነ አውቀናልና ትራስ ነክሰን መሣቁ ቀረ። ሰከንዱን እየቆጠርን ነበር የምናድረው። በመጨረሻ ያስወጡት እትዬ ናቸው። አንድ ማታ ቁም ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡና፣ «እኔ ኩምቢውን አልፈራም። እኔ የምፈራው ጸጥ ሲሉ ነው» አሏቸው። ጋሼ መልስ አልሰጡም፤ ጭምብሉን ግን አነሡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምንጽፈው እንዲህ ያለው መሣሪያ ቤቱ ገብቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቢኖር ይጠቅመዋል ብለን ነው። ልጃቸው በስልክ የሰጠቻቸው የመጀመሪያ ምክር ጭምብሉን ከእንቅልፍ ጋር አታጣሉት የሚል ነበር። ስለዚህ ጋሼ ማታ ዜና ሲያዩ በወንበራቸው ላይ ሆነው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያጠልቁት ጀመር። በመጀመሪያ ጭምብሉን ብቻ፣ ቀጥሎ ከአየሩ ጋር፣ በመጨረሻም ጋደም ብለው። የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው መጥቶ ሲያያቸው «አያቴ ፓይለት ሆኑ!» ብሎ ጮኸ። በዚያን ቀን ጋሼ በጭምብሉ ውስጥ ሆነው ሲሥቁ አየናቸው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲመጣ «የት እንብረር?» ይሉታል።

ሁለተኛው ነገር ግፊቱ ነው። መሣሪያው በትንሽ ግፊት ጀምሮ ሰውየው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ቀስ እያለ የሚያሳድግበት ቁልፍ አለው፤ ጋሼ ግን ይህን ቁልፍ አያውቁትም ነበር። ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። ጭምብል የሚለካው ተቀምጦ ሳይሆን ተኝቶ ነው፤ ፊት ሲተኛ ቅርፁን ይለውጣልና። አየር ባመለጠ ቁጥር ማጥበቅም ሰንበር ያመጣል እንጂ ማምለጡን አያስቀርም። ደግሞም ጋሼ ሰንበሩን ለማለስለስ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ ኖሯል። ቫዝሊን ሲሊኮኑን ያበላሸዋል፤ ጭምብሉንም ያንሸራትተዋል። ፊትን በሳሙና ታጥቦና አድርቆ መተኛት ይሻላል። አራተኛው የአፍ ድርቀት ነው። በአፍንጫ የገባው አየር በተከፈተ አፍ እየወጣ ነበር፤ ስለዚህ አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍን ጭምብል በመንገደኛ እጅ ተላከላቸው፤ አየሩን የሚያረጥበው የውኃ ሣጥንም ሥራ ጀመረ።

የውኃው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው በእንፋሎት ተነጥሮ ጨው የሌለውን ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ያበላሸዋል፤ ማፍላትም ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያስወግድም። አንድ ጎረቤት ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውኃ አመጣላቸው። ያ ግን ለመኪና እንጂ ለሳንባ ተብሎ የተዘጋጀ ስላልሆነ ልጃቸው በስልክ ጮኻ አስቀረችው። ተገቢው ውኃ ባልተገኘበት ሌሊት ሣጥኑን ባዶ አድርጎ መተኛት ይቻላል፤ አፍ ቢደርቅም ትንፋሽ አይቋረጥም። ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፤ ጭምብሉ በየጠዋቱ ይጠረጋል፤ ቱቦውም በየሳምንቱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። እትዬ ቡና የሚያፈሉት ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ስለ ነበር የዕጣኑ ጢስ የመሣሪያውን ማጣሪያ አጠቆረው። ክርክር ከተደረገ በኋላ ቡናው ወደ በረንዳ ወጣ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ ጋሼን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራቸው ነበር። ዳሩ ግን ጭምብሉ የተቃጠለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፤ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነውም ሞተሩ ሲቆም ከውጭ አየር የሚያስገባ ክዳን አለው። ስለዚህ የሚነቃው ሰው ጭምብሉን አውልቆ በጎኑ ይተኛል እንጂ አይታፈንም። ሞተሩንስ የሚያቃጥለው አይመጣም ወይ ለሚለው፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሶኬቱን ቅርፅ ማስተካከል ብቻ ይበቃቸዋል። ቢሆንም ከመሰካት በፊት በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግዴታ ነው።

መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደተለበሰና ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ በየሌሊቱ ይመዘግባል። የጋሼ መዝገብ በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ሁለት ሰዓት አይሞላም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አራት ደረሰ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳያወልቁት አነጉ፤ 38 የነበረውም ቁጥር 4 ሆነ። ራስ ምታቱ ተወ፤ ሌሊት መነሣቱም አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። እትዬ «ሃያ ዓመት ሙሉ የተኛሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልተኛሁም» አሉ። ጋዜጣውም እስከ መጨረሻው ገጽ ይነበብ ጀመር።

ነገሩን ከእውነት በላይ ልናሳምረው አንፈልግም። በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን መሣሪያውን ለመክፈል ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀናት ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ 4 ሰዓት መልበሱን ይጠይቃል። ይህ ደንብ መውጣቱ ራሱ ብዙ ሰው መሣሪያውን እንደሚተወው ያስረዳል። አራት ሰዓትም ለሒሳብ የተቀመጠ መለኪያ ነው እንጂ የጤና ልክ አይደለም። ትንፋሽ የሚያስፈልገው በእንቅልፍ ሰዓት ሁሉ ነው። በ2016 ደግሞ 2717 የልብና የአንጎል የደም ሥር ሕመምተኞች የተካፈሉበት ታላቅ ጥናት ታትሞ ነበር። መሣሪያው የቀን ማንቀላፋትን ቢቀንስም፣ መንፈስንም ቢያድስም፣ የልብና የአንጎል አደጋን እንደቀነሰ ሊያሳይ አልቻለም። ነገር ግን መሣሪያው የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ የለበሱት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። በቁም ሣጥን የተቀመጠ መሣሪያ ለማንም እንደማይበጅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁሉም ሰው ደግሞ ባሕር ማዶ ልጅ የለውም፤ መሣሪያውም ርካሽ አይደለም። ይህን አንክድም። ሆኖም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አለ። ክብደትን መቀነስ፣ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት፣ ጉሮሮን ይበልጥ የሚያላሉትን አረቄና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒን ከመኝታ በፊት መተው ለብዙዎች ይረዳል። ሕመሙ ቀለል ላለበት ሰው የጥርስ ሐኪም የሚሠራው መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ መሣሪያ አለ። በ2024 መጨረሻም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቲርዜፓታይድ የተባለውን መድኃኒት ውፍረት ላለባቸው የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ፈቅዷል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናስገነዝባለን። የዘመድን ወይም የሟችን መሣሪያ ተውሶ ዝም ብሎ ማጥለቅ አይገባም። ግፊቱ ለእያንዳንዱ ሰው በሐኪም የሚወሰን ነው፤ ጭምብሉም የግል ነው። የሚያንኮራፋም ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ጋሼ መሣሪያውን በለመዱ በአራተኛው ወር ለመስክ ሥራ ወደ ሐዋሳ ታዘዙ። ለሁለት ሰው አንድ ክፍል ተያዘ፤ አብሯቸው የሚያድረው የእኛ እኩያ የሆነ ወጣት ሠራተኛ ነበር። ጋሼ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ መሣሪያውን አውጥተው ተመለከቱትና መልሰው ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡት። «ለአምስት ቀን ምን ይለኛል» አሉ። አምስቱንም ሌሊት ያለ ጭምብል አደሩ። በመጨረሻው ቀን ራሳቸው በሚመሩት ስብሰባ ላይ፣ ሪፖርት ሲነበብ፣ አፋቸውን ከፍተው ተኙ። አንዱ በስልኩ ሥዕል አነሣቸውና ቴሌግራም ላይ ለጓደኞቹ ላከው።

ያ ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከእኛም ደረሰ። ያሳየን ባልንጀራችን አጎታችን መሆናቸውን አያውቅም። «እያቸው እስቲ፤ ደሞዝ እየበሉ ሲያንኮራፉ!» አለ። እኛም «አጎታችን ናቸው፤ ታመው ነው» አላልነውም። ሣቅን። ጋሼ ማታ ከጉዞ ተመልሰው ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው ሲቀመጡ ዓይናቸውን ማየት አልቻልንም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያሰብነው ይህ ነው። ጋሼን ጭምብሉን ከቤት ያስቀራቸው ማን ነው? መሣሪያው አይደለም፤ ለምደውታል። ልጃቸው አስተምራቸዋለች፤ እትዬ ደግፈዋቸዋል፤ ሕፃኑ እንኳ ፓይለት ብሎ አክብሯቸዋል። ከቤት ያስቀራቸው በሁለተኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ወጣት ነው፤ እርሱም እኛው ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያስደብቀውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ይመስለናል። ቤተሰብ በስድስት ሳምንት ትዕግሥት የሠራውን ሥራ የመሥሪያ ቤት ሣቅ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል።

ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሲያደርግ የሚሥቅበት የለም። እንዲያውም የተማረ ሰው መስሎ ይታያል። ጆሮው የደከመውም መስሚያ ቢያደርግ ዛሬ እንደ ነውር አይቆጠርም። ታዲያ ጉሮሮው በእንቅልፉ የሚዘጋ ሰው የጉሮሮውን ምርኩዝ ይዞ ቢተኛ ከመነጽሩ በምን ይለያል? በቀን ስለሚታይ አንዱ ክብር፣ በሌሊት ስለሚታይ ሌላው ውርደት ሊሆን አይገባም። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛቸውን ለመስክ ሲያዝዙ ሶኬት ያለው ለብቻ የሆነ ክፍል ለሚያስፈልገው ሰው ምክንያቱን በአደባባይ ሳያስነግሩ ቢሰጡት የሚከስሩት ጥቂት ነው፤ የሚያተርፉት ደግሞ ነቅቶ የሚውል ኃላፊና በመንገድ ላይ የማያንቀላፋ ሾፌር ነው።

እርግጥ ነው፣ በስብሰባ የሚያንቀላፋ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ሲያመሽ ያደረም ይኖራል፤ ንግግሩ ያሰለቸውም አይጠፋም። ነገር ግን ማን የትኛው እንደሆነ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን በሣቅ ልንለየው አንችልም። ተሳስተን ጤነኛውን ብንጠይቀው ምንም አይጎዳም፤ ተሳስተን በታመመው ብንሥቅ ግን ወደ መደበቂያው እንመልሰዋለን። ይህ ለሽማግሌዎች ብቻ የተነገረ እንዳይመስለንም። የተማሪ ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ እያንኮራፋ ጸጥ የሚል፣ በክፍል ውስጥም ደብተሩ ላይ የሚደፋ ጓደኛ ያለን ብዙዎች ነን። ስንፍና ነው ብለን ስም ከማውጣታችን በፊት ጸጥታውን በሰዓት ብንቆጥርለትና ብንነግረው እርሱ በእንቅልፉ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር አስታወቅነው ማለት ነው። ይህን ሊያደርግለት የሚችል ደግሞ ከአጠገቡ የሚተኛው ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ ባለፈው ወር እንደገና ለመስክ ወጡ። እኛ ሻንጣቸውን ስናግዝ መሣሪያውን በፎጣ ጠቅልለን ከላይ አስቀመጥነው፤ እርሳቸውም አላወጡትም። ሲመለሱ እንደነገሩን፣ በመጀመሪያው ማታ አብሯቸው ላደረው ሠራተኛ «ይህ የሌሊት መነጽሬ ነው፤ ድምፁ ከረበሸህ ንገረኝ» አሉት። ወጣቱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አባቴም እንደዚህ ያንኮራፋሉ፤ መሐል ላይ ጸጥ ይላሉ» አላቸው። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ መሣሪያው ሲያስረዱት አመሹ።

አንባብያን ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የአንድ ትልቅ ሰው አገጭ ወደ ደረቱ ሲወርድ ብታዩ ክርናችሁን ሰብስቡ፤ ስልካችሁንም ከኪሳችሁ አታውጡ። ስብሰባው ሲያበቃ ሰው በሌለበት ቀረብ ብላችሁ፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» በሏቸው። እኛ ይህን ጥያቄ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።